ግሸንን በእንግሊዝኛ ያነበብኩ ጊዜ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሲነሳ ለቤተሰብ የሚወሰደው ሁሉ በሻንጣዬ ውስጥ ተሟልቶ ነበር። ለእናቴ ቡናና ነጠላ፣ ለእህቴ ልጆች ደብተርና ብስኩት፣ ለአባባ ደግሞ የዓይን ጠብታቸው። ከሁሉም በታች፣ በካልሲ ተጠቅልላ፣ አንዲት ትንሽ የድምፅ ማጫወቻ አለች። በውስጧ ያለው የእኔ ድምፅ ነው፤ መጽሐፍ የሚያነብ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። አባባ ይህን ሊሰሙ ነው ብዬ ባሰብኩ ቁጥር ሳያጠና ፈተና እንደገባ ተማሪ ሆዴ ይላወሳል።

ጊዜው መስከረም 2012 ዓ.ም. ነው። መስቀል ባለፈ በማግስቱ። ሐሳቤ ሁለት ሌሊት ደሴ አድሬ ለመስከረም 21 ንግሥ ግሸን ማርያም መድረስ ነበር። በአውቶቡሱ ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን መንገደኞች ወደዚያው ነን። ከኋላዬ የተቀመጡት እናት ስለታቸውን ለጎረቤታቸው እየተረኩ ነው። እኔ ደግሞ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የራሴን ድምፅ እሰማለሁ፤ በየቃሉም አፍራለሁ።

አባባ በደሴ ትምህርት ቤቶች ከ30 ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራቸው ማንበብ ብቻ ነበር። ግላኮማ ሲይዛቸው በመጀመሪያ ከጎን ያለውን ነገር ማየት ተሳናቸው፤ በር ላይ ከሰው ጋር መጋጨት አመጡ። ሐኪም ዘንድ የሄድነው ዘግይተን ነው። ከዚያ መሐሉም እየጠበበ ሄደና በአጉሊ መነፅር እንኳ ፊደል አልለይ አላቸው። መደርደሪያቸው ግን እንዳለ ነው። ጀርባውን በጣታቸው ዳብሰው የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ይናገራሉ።

የበጎ ፈቃድ ንባቡን የጀመርኩት በእሳቸው ምክንያት ነው። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ያለ ዳኛ የሚነበብበት ቦታ

በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሥራውን ጥሎ ያልሰማ ቤት ስንት ነው? አባባም የሚያስታውሱት ያንን ነው። የአማርኛውን ትረካ አግኝቼ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። እሳቸው ግን «የእንግሊዝኛዎቹስ?» አሉ። ፍለጋ ስገባ ሊብሪቮክስ የሚባለውን አገኘሁ።

ሊብሪቮክስን እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ሂው መጋየር የተባለ የሞንትሪያል ከተማ ሰው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የደራሲ መብታቸው ጊዜው ያለፈባቸውን መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በየቤታቸው ሆነው ያነባሉ፤ ቅጂው ማንም ሰው በነጻ እንዲያወርደው በኢንተርኔት ይቀመጣል። አንባቢው አይከፈለውም፤ አድማጩም አይከፍልም።

ለአባባ ካወረድኳቸው መጻሕፍት አንዳንዶቹን አብሬያቸው ስሰማ አንድ ነገር አስገረመኝ። አንዱን ምዕራፍ የሚያነበው አሜሪካዊ ነው፤ ቀጣዩን ጀርመን የምትመስል ሴት ታነበዋለች፤ ከዚያ አንድ ሕንዳዊ ይከተላል። እንግሊዝኛቸው በየአገራቸው ቃና የተቀመመ ነው። ደንቡን ሳነብ የድምፅ ፈተና የለም፤ ድምፅሽ ያምራል አያምርም የሚል ዳኛ የለም፤ ዘዬ አይታረምም። የሚጠየቀው የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቀርጾ መላክ ብቻ ነው፤ እሱም የማይክራፎኑን ጥራትና የድምፁን መጠን ለማየት ነው።

ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሥራዬ ሒሳብ ቢሆንም ማንበብ እወዳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ስቱዲዮ የእንግሊዝኛ ድምፅ ይፈልጋል ሲባል ሄጄ ነበር። ግማሽ ገጽ ሳልጨርስ ቀራጩ እጁን አነሳና «ድምፅሽ ቆንጆ ነው፤ እንግሊዝኛሽ ግን ሐበሻ ሐበሻ ይላል» አለኝ። ፈገግ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ እንኳ በእንግሊዝኛ መናገር ሲያስፈልግ ወረቀት ጽፌ ለሌላ ሰው አቀብል ነበር።

ሊብሪቮክስ በመጀመሪያ ያስነበበው መጽሐፍ የጆሴፍ ኮንራድ «ዘ ሲክሬት ኤጀንት» መሆኑን ሳነብ ደግሞ ድፍረት ጨመረልኝ። ኮንራድ ፖላንዳዊ ነው። እንግሊዝኛን የተማረው ዕድሜው ሃያ ከሞላ በኋላ በመርከብ ላይ ሲሠራ ነው። ከእንግሊዝኛ ታላላቅ ደራሲያን አንዱ ከሆነ በኋላም ሲናገር የአገሩ ዘዬ አልለቀቀውም።

የሽሮ ሜዳ ሌሊት

የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳን የምታውቁ ጸጥታ የሚገኝበት ሰፈር አለመሆኑን ታውቃላችሁ። ጠዋት የሸማኔው እቃ ቀጭ ቋ ይላል። ቀን ጥጥና ቀሚስ ገበያተኛው ይጫረታል፤ ታክሲው ይጮኻል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እንኳን ማይክራፎን ሰውም አይሰማ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ የቅዳሴው ድምፅ ይጀምራል። ለእኔ የተረፈችኝ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለችው ጊዜ ብቻ ናት።

ስቱዲዮዬ ቁም ሳጥን ነው። በሩን ከፍቼ፣ ወንበር አስጠግቼ፣ የተሰቀሉት ልብሶች መካከል ጭንቅላቴን አስገባለሁ። ልብስ የድምፅ ማስተጋባትን ይውጣል። ከላዬ ላይ ጋቢ እደርባለሁ። ማይክራፎኗ ከአንድ ዕቃ ቤት በርካሽ የተገዛች ናት፤ የምቀርጽበት ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራምም በነጻ የሚገኝ ነው። ጋቢው ውስጥ ይሞቃል፣ ላብ ያጠምቃል፤ መብራት ደግሞ ሲፈልግ ይሄዳል።

የምሥራቹ ይህ ነው እንግዲህ፤ መከራው ንባቡ ነው። በልባችን ስናነብ የምንዘላቸው ቃላት ሁሉ ጮክ ብለን ስናነብ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሁለት ሦስት ተነባቢ ሲደራረብ ምላሳችን ሳያስፈቅድ «እ» ያስገባል። «እስትሬት»፣ «እስኩል» እንላለን። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚባለው ድምፅ «ዝ» ወይም «ስ» ይሆንብናል። «ር»ን እንደ አገራችን እናንቀጠቅጣታለን። አንዷን ዓረፍተ ነገር ዐሥራ አንድ ጊዜ የደገምኩበት ሌሊት አለ። የ10 ደቂቃ ንባብ ለመቅረጽና ለማስተካከል ሦስት ሌሊት ይፈጅብኝ ነበር።

የተቀረጸው ክፍል የሚሄደው ወደ ሌላ በጎ ፈቃደኛ አዳማጭ ነው። የእኔ አዳማጭ በእንግሊዝ አገር የምትኖር ጡረተኛ ሴት ነበረች። የመጀመሪያ አስተያየቷን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ነገር ጽፋለች፤ በአንድ ቦታ ዓረፍተ ነገር ተደግሟል፤ በመጨረሻ ላይ መኖር የሚገባው የአምስት ሰከንድ ጸጥታ አጥሯል፤ በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ውሻ ይጮኻል። ስለ ዘዬዬ አንድም ቃል የለም።

ውሻ አለመሆኑን ጻፍኩላት። ከእንጦጦ የወረደ ጅብ ነው። በማግስቱ የመለሰችው መልእክት በቃለ አጋኖ የተሞላ ነበር። ያም ሆኖ ጅቡን አስቆርጣኛለች።

የራስላስ ሸለቆ

ከሚነበቡት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ሳገኝ አላመነታሁም። ይህ መጽሐፍ በአባባ መደርደሪያ ላይ በአማርኛ አለ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ የተረጎሙት ነው። የአባባ ቅጂ ሽፋኑ ከወደቀ ቆይቷል፤ ልጅ ሆነን ከመኝታ በፊት ያነቡልን ነበር።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ገና ወጣት ሳለ የጀሮም ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1735 ነው። ሎቦ በ17ኛው መቶ ዘመን አገራችን የነበረ ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። «ራስላስ» የወጣው ከ24 ዓመት በኋላ በ1759 ነው። እናቱ በሞተችበት ሰሞን፣ የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ እንደጻፈው ይተረካል። የልዑሉ ስም የመጣው ሎቦ ከጠቀሳቸው ከአጼ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነው ይባላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የንጉሥ ልጆች በአማራ አገር፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ፣ ሁሉ ነገር ሞልቶላቸው ይኖራሉ፤ መውጣት ግን አይፈቀድላቸውም። ልዑሉ ራስላስ ምቾቱ ይሰለቸዋል። ከእህቱና ኢምላክ ከሚባል ባለቅኔ ጋር ተራራውን ፈልፍለው ወጥተው ካይሮ ድረስ ይሄዳሉ፤ ደስታ የት እንዳለች ለመፈለግ። መጽሐፉ 49 አጫጭር ምዕራፎች አሉት። ከዚህ በፊት በሌሎች የተነበበ ቢሆንም አንድን መጽሐፍ ደግሞ በሌላ ድምፅ ማንበብ የተፈቀደ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ወሰድኩ።

ሥራው እንደተጀመረ ከአስተባባሪዋ መልእክት መጣ። ሌሎቹ አንባቢዎች የቦታና የሰው ስሞቹን በየራሳቸው መንገድ እየጠሩ ስለተቸገሩ፣ «አማራ» የሚለው ቃል በትክክል እንዴት እንደሚባል አንቺ ቀርጸሽ ላኪልን የሚል ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ሦስት ጊዜ አልኩት። በሕይወቴ ሙሉ እንግሊዝኛ ስናገር ሌሎች ናቸው የሚያርሙኝ። ያን ሌሊት አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ያለች ቃል የእኔ ሆነች።

ደሴ

አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን በብርድ፣ ጣርማ በርን በጉም አለፈ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ሲወጡ መሬቱ ከእግር ሥር ድንገት ይከዳል፤ ያን ያህል ነው ቁልቁለቱ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ሸዋ ሮቢት ሹራባችንን አስወለቀችን። ከሚሴን አልፈን ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ከመነሻችን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጦሳ ተራራ ጉሙን እንደ ነጠላ አጣፍቶ ተቀብሎናል።

እራት በላን፤ ቡና ተፈላ። አባባ የተለመደው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ማጫወቻዋን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ እናቴ «ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኩና ከፈትኩት።

ምዕራፍ አንድ አለቀ። አባባ ምንም አላሉም። እናቴ እንግሊዝኛ ባትሰማም ሲኒ ማጠብ አቁማ ታዳምጣለች። ምዕራፍ ሁለት መሐል ላይ አባባ ጣታቸውን አነሱ። ያን የስቱዲዮ ሰው እጅ አስታወሰኝና አንገቴ ወደ ትከሻዬ ገባ።

«እዚህ ጋ አንድ መስመር ዘለሻል» አሉ።

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ቀረ።»

ስልኬ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከፍቼ አየሁ። እውነትም ዘልያለሁ። መደበኛ አዳማጮች መጽሐፉን እያዩ ቃል በቃል እንዲከታተሉ አይጠበቅባቸውም፤ ስለዚህ የእንግሊዟ ሴት አልያዘችውም። ማየት የማይችሉት አባቴ ያዙት።

«ሌላስ?» አልኳቸው።

«ሌላ የለም።»

«ዘዬዬስ? ሐበሻ ሐበሻ አይልም?»

ሳቁ። «አብሽሪ! ዘዬሽማ የእኔ ነው። ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? እኔን ያስተማሩኝ ደግሞ የሕንድ መምህራን ናቸው፤ በኋላም አሜሪካኖቹ የሰላም ጓዶች መጡ። ሁሉም በየአፉ ነበር የሚያስተምረን። አሁን ማንን ልናርም ነው?» ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ሦስተኛውን ክፈችው እስቲ» አሉ።

በዚያ ምሽት ሦስቱን ምዕራፍ ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማን።

ግሸን

በነጋታው ማታ፣ ወደ ግሸን ልነሳ ስል፣ አባባ አንድ ነገር አዘዙኝ። በወጣትነታቸው ግሸንን በእግራቸው ብዙ ጊዜ ወጥተዋል። አሁን መንገዱን አይችሉትም። «ያየሽውን እዚያው ሆነሽ በስልክሽ ቅጂልኝ» አሉ። «በአማርኛ ነው ታዲያ።»

ከእህቴ ባል ጋር በሌሊት ተነሳን። መኪናው ከደሴ ከወጣ በኋላ ከተራራ ወደ ተራራ ይሻገራል። የአምባሰልን ስም ከቅኝቱ እንጂ ከመልክዓ ምድሩ የማያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ዜማው ለምን እንደዚያ ከፍ ዝቅ እንደሚል ይገባዋል። መስከረም ነውና አደይ አበባ ዳገቱን አልብሶታል።

ግሸን ከሩቅ ሲያዩት በገደል የተከበበ፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ መስቀለኛ ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በአጼ ዳዊት ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ግማደ መስቀል ያረፈው እዚህ ነው፤ ያኖሩትም አጼ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ይህ አምባ ደግሞ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተጠበቁበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን እስኪይዝ ድረስ ልማዱ ቆይቷል። ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ከዚሁ ወርደው እንደነገሡ ይነገራል። አውሮፓውያን ደራሲያን በወሬ ሰምተው ገነት ያደረጉት፣ ጆንሰንም የራስላስን ሸለቆ የቀመረበት ታሪክ መነሻው ይህ ነው።

ዳገቱን በእግራችን ወጣን። በጀርባቸው ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ጫማቸውን ያወለቁ ወጣቶች እየተረዳዱ ይወጣሉ። በሩን ገብቼ አናቱ ላይ ስደርስ ሜዳው ነጭ ነው፤ በነጠላና በጋቢ። የባሕር ዛፍ ጭስ፣ የዕጣን ሽታና ብርድ አንድ ላይ ይቀበላሉ።

ስልኬን አወጣሁ፤ «አባባ፣ ግሸን ነኝ» አልኩና ቆምኩ። የምለው ጠፋኝ። ጋቢ ውስጥ ሆኜ በሰው ቋንቋ የሰው ዓረፍተ ነገር ሳነብ ቢያንስ ቃሉ ተጽፎ ይጠብቀኝ ነበር። እዚህ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ፣ በገዛ አገሬ፣ ገጹ ባዶ ነው። ጠርዙ ድረስ ሄጄ ቁልቁል ሳይ ነው አፌ የተከፈተልኝ።

«አባባ፣ ጆንሰን ገልብጦታል» አልኩ። «እሱ ልዑላኑን ሸለቆ ውስጥ አስቀምጦ በተራራ አጠራቸው። እዚህ ግን እኛ ነን ላይ ያለነው፤ ሸለቆው ከታች ነው። የታሰሩት ሰዎች አገሩን ሁሉ ያዩት ነበር። ወንዙን፣ ማሳውን፣ የጎጆውን ጭስ። መውረድ ብቻ ነው ያልቻሉት።» ከዚያ የእግዚአብሔር አብን ቤተ ክርስቲያን፣ የማርያምን፣ ሕዝቡን፣ ገደሉን፣ ከአጠገቤ ሆና ዳቦ የምታካፍለኝን የማላውቃትን ሴት፣ ሁሉንም እያየሁ ተናገርኩ። ስጨርስ ከልማድ የተነሳ ለአምስት ሰከንድ ዝም አልኩና ዘጋሁት።

ደሴ ተመልሼ ሳሰማቸው አባባ ሁለት ጊዜ የደገሙት ያቺን መጨረሻዋን ጸጥታ ነው። ነፋሱ አለ፤ ከነፋሱ ኋላ ከሩቅ እልልታ ይሰማል። «እሱ ነው» አሉ። «በምሥራቁ በኩል ቆመሽ ነበር።» ትክክል ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ

አዲስ አበባ ተመልሼ የዘለልኳትን መስመር ጨምሬ ቅጂውን ላክሁ። ከዚያ በኋላ የምቀርጸው ሁሉ በመጀመሪያ የሚሄደው ደሴ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ አባባ ይደውላሉ። የእንግሊዟ ሴት ስህተቱን በደቂቃና በሰከንድ ነው የምትጽፈው፤ አባባ ሰዓቱን ስለማያዩት በሌላ መንገድ ያመለክቱኛል። «ትንፋሽ ከወሰድሽባት ሁለተኛይቱ ቦታ ቀጥሎ» ይላሉ። ወይም «ደክሞሽ የነበረበት ገጽ ላይ» ይላሉ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። እናቴ እንደምትለው ለእሑድ ስልክ ቅዳሜ ፀጉራቸውን ይስተካከላሉ።

እኔም በመሥሪያ ቤት ወረቀቱን ለሌላ ሰው ማቀበል ትቻለሁ።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ኮምፒውተር፣ ቀላል ማይክራፎን፣ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥንና ሰው የተኛበት ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ላኩ፤ አጭር ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ምረጡ፤ ጮክ ብላችሁ አንድ ጊዜ ሳታነቡ መቅረጫውን አትክፈቱ፤ አጠገባችሁ ውኃ ይኑር። በኢንተርኔት መሄድ ካልፈለጋችሁ ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ የእነሱ መማሪያ መጻሕፍትም አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው።

ውሻ ቢጮህ ቁረጡት። ጅብ ቢሆንም እንዲሁ። ዘዬያችሁን ግን ተዉት።